ሹመትና ዘር

መንግሥትን ማስተዳደር ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጸጋ ነው፣ ስለዚህም የመሳፍንት ልጅ ባለበት ሌላውን መሾም ሥርዓትን ማፍረስ ነው የሚለው እምነት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል።

እምነቱ ግን ከራሱ ከአገሩ ልማድ ጋር አይስማማም። ርስት በእርግጥ ይወረስ ነበር፤ ራስነትና ደጃዝማችነት ግን በንጉሥ ቃል የሚሰጥ፣ በንጉሥ ቃልም የሚሻር ማዕርግ ነበር። ዘውዱ በዘር ይወርዳል ቢባል እውነት ነው፤ ሆኖም የደም ንጽሕና ብቻውን ሰላምን የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ፣ የንጉሥ ልጆች በአልጋው እንዳይሻሙ ተብለው በግሼን አምባ፣ ኋላም በወኅኒ አምባ ባልተጋዙ ነበር። በዘመነ መሳፍንትም፣ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም.፣ በጎንደር የሚነግሡት ከሰሎሞን ነገድ ሲሆኑ፣ እንደራሴነቱም በየጁ ቤት ከራስ ጉግሣ ወደ ልጃቸው ወደ ይማም፣ ከይማም ወደ ወንድማቸው ወደ ማርዬ ሲተላለፍ፣ ገበሬው ባለፈ ባገደመው ጦር ሁሉ ይዘረፍ ነበር።

«የመኳንንት ልጅ አስተዳደርን በቤቱ እያየ ያድጋል» የሚለው ክርክር ግን ክብደት አለውና አልንቀውም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚገኘው ከማየትና ከማገልገል እንጂ ከደም አይደለም። አፄ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ልጅ ቢሆኑም፣ ገና በ11 ዓመታቸው በ1848 ዓ.ም. ተማርከው፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው እስኪወጡ ድረስ ያደጉት በሌላ ንጉሥ፣ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በልጅነታቸው በጦርነት የተማረኩ፣ በሸዋ ቤተ መንግሥት የሚጠሩበት የዘር ሐረግ ያልነበራቸው ሰው ሲሆኑ፣ በአገልግሎት አድገው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1909 ዓ.ም. የምኒልክ የልጅ ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ከአልጋ ወርደው፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ፣ ሰገሌ ላይ ጦሩን መርተው ድል ያደረጉት እኒሁ ምርኮኛ ነበሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስም፣ ያለ እርሳቸው ምክር ትልቅ ነገር አይቆረጥም ነበር።

በማየትና በማገልገል ወደሚገኘው ወደዚህ ትምህርት የሚያስገባው በር ግን መወለድ ወይም መማረክ ብቻ ስለ ነበረ፣ በየመንደሩ ከሞፈሩ ጀርባ የቀረው ባለ አእምሮ ስንት እንደ ሆነ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።