የዓድዋ ድል ማርች 1 ወይስ ማርች 2? አንድ ታሪካዊ ዕለት ሁለት ቀን የሚኖረው ለምንድን ነው?

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ በኢትዮጵያ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞች የዓድዋ ድል ይታሰባል። ዕለቱ በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ማርች 2 ነው። ይሁንና ስለ ጦርነቱ በጣልያንኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍትን የገለጠ አንባቢ ውጊያው የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 መሆኑን ያነባል።

ከሁለቱ አንዱ ስህተት ይመስላል። ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ ከማርች 1 ቀን 1896 ጋር ገጥሞ ነበር። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ የሚውለው በመካከሉ አንድ ቀን ስለተዘለለ ነው።

የጠፋው ቀን

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ልዩነት፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ያደርጋታል። የጎርጎርዮሳውያኑም በየአራት ዓመቱ ፌብሩወሪን 29 ያደርጋል፤ ነገር ግን ለመቶ የሚካፈሉ ዓመታት ለአራት መቶም ካልተካፈሉ ይህን ተጨማሪ ቀን አያገኙም።

በዚህ ሕግ መሠረት የ1900 ፌብሩወሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። ኢትዮጵያ ደግሞ ጳጉሜን 6ን እንደ ልማዷ ቆጥራለች። የሁለቱ አቆጣጠሮች ርቀት በአንድ ቀን የሰፋው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሴፕቴምበር 11 ተሻገረ። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከማርች 1 ወደ ማርች 2 የተሸጋገረው አብሮ ነው።

የ2000 ዓመት ለአራት መቶ ስለሚካፈል ለውጥ አላመጣም። የ2100 ግን ያመጣል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል።

የአፄ ቴዎድሮስ ዕረፍትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ንጉሡ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነበር። ዛሬ ሚያዝያ 6 የሚውለው ኤፕሪል 14 ላይ ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከ1900 በፊት የነበረን ቀን በዛሬው ስሌት የሚመነዝር ሰው ሲኖር ነው። የዓድዋን ቀን እንዲህ የቀየረ ጸሐፊ ማርች 2 ቀን 1896 ላይ ይደርሳል፤ ያ ደግሞ የውጊያው ማግስት ነው። በዚህ ቀን የጣልያን መዛግብትን የሚያገላብጥ ተመራማሪ የሚያገኘው ውጊያውን ሳይሆን የሽንፈቱን ማግስት ይሆናል።

ስምንት ነው ወይስ ሰባት?

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ የዓመቱ ልዩነት ነው። ብዙዎች ስምንት መቀነስን እንደ ቋሚ ሕግ ይወስዳሉ። ልዩነቱ ስምንት የሚሆነው ግን ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት ነው።

የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለት የኦሊምፒክ ድሎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በመግባት ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ ዕለት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረች በሩብ ምዕተ ዓመት በዋና ከተማዋ የተገኘው ድል የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ዋለ ማለት ነው። ልዩነቱ ስምንት ነው።

ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ ማለትም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። እዚህ ልዩነቱ ሰባት ነው። ከ1964 ላይ ስምንት የቀነሰ ሰው 1956 ብሎ ይጽፋል፤ የድሉንም የወርቅ ወይም የአልማዝ ኢዮቤልዩ ከአንድ ዓመት በፊት ያከብራል።

ቀን ሲመረጥ

መታሰቢያ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ዋና ከተማቸው የገቡትም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የሽንፈቱ ዕለት በድል እንዲተካ ታስቦበት ነበር።

ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የደረሰው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነው። የደርግ መንግሥት የድል በዓሉን ወደዚህ ቀን አዛውሮት ነበር፤ ከውድቀቱ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። የተከራከሩበት ነጥብ ከተማዪቱ መቼ ነፃ ወጣች የሚል ብቻ ሳይሆን፣ የዓመታዊው መታሰቢያ ማዕከል ንጉሡ ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚልም ነበር።

የጎርጎርዮሳውያኑን አቆጣጠር የሚጠቀሙት ሶማሊያ ጁላይ 1ን፣ ኤርትራ ሜይ 24ን ሲያከብሩ ይህ የቅየራ ጣጣ የለባቸውም። ለኢትዮጵያውያን ግን፣ በተለይ በውጭ አገር ተወልደው ታሪካቸውን በሌላ አቆጣጠር ለሚማሩ ልጆች፣ ጥያቄው በየዓመቱ ይመለሳል። መልሱም ይህ ነው፦ በዓሉ የሚከበረው የካቲት 23 ቀን ነው፤ ማርች 1 ቀን 1896 ደግሞ በዓለም መዝገብ የሰፈረው የዚያው ዕለት ስም ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ አንዱን ከመሰረዝ ይሻላል።