ተንጠልጣይ ጄራኒየም ለሞጣና ለብቸና ግቢ

በየክረምቱ የሚላክልኝ ፎቶ ይመሳሰላል፦ ከበረንዳ የሚወርደው ባለ ወፍራም ቅጠል ጄራኒየም፣ ከቅጠሉ ጀርባ ቡሽ የመሰለ ቡናማ እብጠት። መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ተባይም ፈንገስም አይደለም። አፈሩ ርሶ፣ ሰማዩ ደምኖ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ የሚስበው ውሃ ቅጠሉ ከሚያተነው ይበልጣል። የቅጠሉ ሕዋሳት ያብጡና ይፈነዳሉ፤ ጠባሳው ይደርቃል። የተጎዳው ቅጠል አይድንም፣ አዲሱ ግን ንጹሕ ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከዝናብ አስጠልሉት፤ ውሃ የምትሰጡት የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ ነው፣ ያውም በጠዋት።

ዋናው ችግር አፈሩ ነው። የብቸና ዋልካ ለጤፍ እንጂ ጄራኒየም ለሚተከልበት ጀሪካን አይሆንም፤ ውሃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል። ቀይ አፈር፣ የወንዝ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ፤ የጀሪካኑን ታች ብሱ። ግቢ ውስጥ ከሆነ የድንጋይ ካብ አናት ላይ ትከሉት፤ ሲወርድ ያምራል።

ተክሉ የደቡብ አፍሪካ ነው። ደጋው ይስማማዋልና ሞጣ ላይ ፀሐይ አትንፈጉት፤ ወደ ዓባይ ድልድይ ቆላ ስትወርዱ ግን የከሰዓት ጥላ ይፈልጋል።

ለማባዛት መግዛት አያስፈልግም፤ ጎረቤት ካለው ለምኑ። ክረምቱ ሲወጣ ከጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአንጓው ሥር ቁረጡ፣ የታች ቅጠሎቹን አንሡ፣ ጥቂት ሰዓት ጥላ ላይ አቆዩና እርጥብ አሸዋ ላይ ሰኩት። ፕላስቲክ አትሸፍኑበት፣ ይሻግታል። ከቆቃ እርሻዎች ወደ አውሮፓ የሚጫነውም እንዲህ ያለው ሥር ያላወጣ የጄራኒየም ቁራጭ ነው።