«ሰጠ» ወይስ «ሸጠ»? የደማቅ ፊደል ፈተና

«ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለዩት በፊደሉ አናት ላይ በምትጋደም አንዲት ጭረት ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ጭረቷ ከማንም ዓይን አትሰወርም። ፊደሉ ወፍሮ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በቴሌቪዥን መስኮት ግርጌ ሲወጣ ግን ከሥሯ ካለው አካል ጋር ትጣበቃለች፤ ያን ጊዜ ነጋዴው ለጋሽ፣ ለጋሹም ነጋዴ ሆኖ ይነበባል።

ደማቅና ጂኦሜትሪያዊ የፊደል ቅርጽ የሚባለው ጫፉ ያለ ጌጥ ተቆርጦ በክብ፣ በቀጥታ መስመርና በማዕዘን የሚቀረጸው ነው። ጀርመናዊው ፖል ሬነር እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው «ፉቱራ» የዚህ ወገን ታዋቂው ነው፤ በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ የተወው ሰሌዳም የተጻፈው በእርሱ ነው። ይሁንና ጂኦሜትሪው ለዓይን ሲባል ይታረማል። እኩል የተሰመሩ መስመሮች ሲታዩ አግዳሚው ከቋሚው ወፍሮ ስለሚታይ፣ ነዳፊው አግዳሚውን ጥቂት ያቀጥነዋል።

የግዕዝ ፊደል የተወለደው ከኮምፓስ ሳይሆን ከመቃ ብዕር ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን። «ዐ» ለክብ ትመቻለች፣ «ሠ»ም እንዲሁ አታስቸግርም። «ጬ» ግን ሦስት እግርና የእግር ቀለበት በአንድ ሆሄ ስፋት ውስጥ ይዛለች። ውፍረት ሲጨመርባት መጀመሪያ የሚደፈነው የቀለበቷ ቀዳዳ ነው። ቀለበቱ ከተደፈነ ደግሞ «ጤና» ወደ «ጢና» ይጠጋል።

ታዲያ ለምን ይደምቃል? ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም። ጥንት የብራና ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ ዛሬ በርዕስና በሰሌዳ ላይ ያን ሥራ የወሰደው ውፍረት ነው።

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። በሲሊከን ቫሊ ይሠሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላው በ1980ዎቹ ዳሸን ኢንጂነሪንግ በተባለ ድርጅታቸው አማርኛን በኮምፒውተር ካስጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ሆሄያትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ከኒውአርክ በደምባርተን ድልድይ ማዶ፣ ማውንቴን ቪው ያለው ጉግል በነጻ የሚያድለው «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ዛሬ ከስስ እስከ እጅግ ደማቅ 9 የውፍረት ደረጃዎች አሉት። ይህ ፊደል ጥብቅ ጂኦሜትሪያዊ አይደለም፤ ለንባብ የሚበጀውም ምናልባት ይኸው ነው።

ለሱቁ ወይም ለማኅበሩ ሰሌዳ ደማቅ ፊደል የሚመርጥ ሰው «ሰጠ ሸጠ፣ ደመረ ጀመረ፣ ጠቀጠቀ ጨቀጨቀ» ብሎ ያትምና ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያንብበው።