የክረምት የእጅ ሥራና የመስከረም ዋጋው

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አቅራቢያ፣ ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናትና፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ዝናቡ፣ ጉሙና ብርዱ ሰውን ከቤት ያስቀምጡታል። በነዚህ ወራት ተማሪ ቤቱ ይዘጋል፤ ጭቃው ገበያተኛውን ያሳንሰዋል፤ በየቤቱ ግን እጅ ሥራ አይፈታም። ባልቴቶቹ እንዝርት እያሾሩ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ልጃገረዶችና በዕረፍት ላይ ያሉ መምህራት በኪሮሽ ዳንቴል ይሠራሉ፤ የበረታችውም በሁለት ዘንግ ሹራብ ትጀምራለች። ከነዚህ ብዙዎቹ ሥራውን ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ንግድ አይሉትም። ይሁን እንጂ ለዘመን መለወጫ ባዛር በተዘጋጀ ጊዜ፣ ይኸው ጊዜ ማሳለፊያ ከነጋዴው ዕቃ ጎን ተዘርግቶ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚውም ዋጋውን ይጠይቃል።

ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሠሪዋ የክሩን ሒሳብ ታስታውሳለች፤ በዚያ ላይ ጥቂት ብር ትጨምርና ዋጋውን ትናገራለች። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሳምንት በየምሽቱ ሦስት ሦስት ሰዓት የሠራች እንደ ሆነ 42 ሰዓት ደክማለች፤ የክሩን ዋጋ ብቻ መሠረት ያደረገ ሽያጭ ግን ይህን 42 ሰዓት ለገዢው በነጻ እንደ መስጠት ነው። በሌላ በኩል ድካሟን በሙሉ ብታስብ፣ በፋብሪካ የተሠራው ሹራብና ሰልባጁ አጠገቧ በርካሽ ሲሸጡ ገዢዋን ይወስዱባታል። ስለዚህ በዋጋ መርከስ ከፋብሪካ ጋር መወዳደር ለእጅ ሠራተኛ የሚያዋጣ መንገድ አይደለም። የሚያዋጣው ፋብሪካው የማይሠራውን ማቅረብ ነው።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ከሩቅ አገር አይመጣም። ለሹራብ በብዛት የሚገዛው ክር አክሪሊክ የተባለው፣ ከነዳጅ ዘይት ውጤት በፋብሪካ የሚሠራው ነው። በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ግን የፋርጣ በግ የሚባለው ዘር ይረባል፤ ገበሬውም በጉን ለሥጋው ይሸጠዋል እንጂ ጠጉሩን ከቁም ነገር አይቈጥረውም። የአገራችን የደጋ በግ ጠጉር ሻካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ለአንገት ልብስ ወይም ለሕፃን ሹራብ አይስማማም። ሆኖም ደገኛው ከጥንት ጀምሮ ብርዱን የተከላከለበት በርኖስና ባና የተሠሩት ከዚሁ ጠጉር ነው። በሸዋ የመንዝ ሰዎች የበግ ጠጉር ፈትለው ምንጣፍና ባና ሲሠሩ ኖረዋል፤ ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት።

የበግ ጠጉርን ለክር ማዘጋጀት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠጉሩ በተፈጥሮው ቅባት ስላለበት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ቀስ ተብሎ መታጠብ አለበት፤ በፈላ ውሃ ያሸው ሰው ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ጨርቅ ይረጋበታል። ይህ ጠባይ በፈታዩ ዘንድ ጉዳት ሲሆን፣ ባና ለሚሠራው ግን ጥቅም ነው፤ የተሸመነው ባና በሙቅ ውሃ ሲረገጥ ይጠብቅና ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ይሆናል። ለሹራብ የሚሆነው ክር ደግሞ በአንድ ወገን ከተፈተለ በኋላ ሁለቱ ተጣምሮ ወደ ተቃራኒው ወገን ሊከረር ይገባዋል፤ አለዚያ ሥራው ወደ ጎን ይጣመማል። ጥቁሩና ቡናማው ጠጉር ቀለም አያሻውም፤ ይህም ራሱን የቻለ ቁጠባ ነው።

በጎንደር አገር ሽመናን የሚያህል ጥቅም ያለው ሥራ ለረጅም ዘመን ሲናቅ መኖሩን አንባቢ ያውቃል። አራሹ የሸማኔውን ልብስ እየለበሰ ሸማኔውን ያንቋሽሽ ነበር። ሥራውን የያዙት በብዛት እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ቤተ እስራኤልም በ1977 እና በ1983 ዓ. ም. በብዛት ወደ እስራኤል በሄዱ ጊዜ ጥበባቸው አብሯቸው ሄዷል። ከዚህም ሌላ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ተብሎ በመከፈሉ፣ ፈታይዋ የምታገኘው የክሯን ዋጋ ብቻ ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ. ም. ከተቋቋመ ወዲህ ባለው ዘመን ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ መግዛት ስለ ለመደ፣ ለፈታይዋ የቀረላት ማጉ ነው።

ይህን ልማድ ያፈረሰ ምሳሌ ከደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ. ም. ተመሠረተ። በደርግ ዘመን ተሰዶ ከተመለሰ በኋላ የነበረው መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ሁሉን በእርሻ ለማኖር አልበቃም፤ ስለሆነም ወደ ሽመና አዘነበለ። በዚያ ሴቲቱ ትሸምናለች፣ ወንዱ ይፈትላል፤ ጋቢውና ፎጣውም በማኅበሩ ሱቅ ይሸጣል። እንግዳው ሥራውን ከእንዝርቱ እስከ ሸማው ቆሞ ስለሚያይ፣ ስለ ዋጋው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ብርቱ የሆነው የአውራ አምባ ትምህርት፣ በአስተያየታችን፣ ይኸው ነው። ይሁንና እንግዳን የሚጠብቅ ሱቅ መንገድ ሲታወክ ወዲያው ይጎዳል፤ በሐምሌ 2015 ዓ. ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ የጎብኚ ነገር ምን ያህል እንደ ቀነሰ ለነጋዴው መንገር አያሻም።

ስለዚህ የክረምቱን ሥራ ለባዛር ዕድል ብቻ ከመተው አስቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። ነጋዴው መጠኑን፣ ቀለሙንና ብዛቱን ወስኖ ከሰኔ በፊት ቢነግርና የክሩን ዋጋ ቀብድ ቢከፍል፣ ሠሪዋ ማን እንደሚገዛት አውቃ ትጀምራለች። እርስዋም በበኩልዋ አንድ ትንሽ ቁራጭ ሠርታ፣ አጥባና አድርቃ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንደሚገባ ብትቈጥር፣ 20 ሹራብ ቢታዘዝ 20ውም በልክ ይወጣል። የተጀመረው ሥራ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ካለቀ፣ ለማጠቢያ፣ ለመተኰሻና ለማጓጓዣ እስከ ዘመን መለወጫ ሦስት ሳምንት ያህል ይተርፋል።