ደባርቅ ላይ ቤት ሲቀጠል

ደረስጌ ማርያም ክብ ናት። ጃናሞራ ውስጥ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ውቤን ድል የነሡት ደጃዝማች ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ ዘውዱን ያስታውሳል። ለቤት ሠሪ ግን ክብነቷም ብዙ ያስተምራል። የአገሩ የሣር ክዳን ጎጆም በዚሁ ቅርጽ የኖረው በልማድ ብቻ አይደለም። የወለል ስፋታቸው እኩል የሆነ ክብ ቤትና ካሬ ቤት ቢሠሩ፣ ክቡ 11 በመቶ ያነሰ ግድግዳ ይበቃዋል። ግድግዳ ሲያንስ ድንጋዩም፣ ጉልበቱም፣ ብርድ የሚያገኘው ገጽም ያንሳል።

ክብ ቤት የማይመቸው ለመቀጠል ነው። ዙሪያውን ሳያፈርሱ፣ ሾጣጣ ክዳኑን ሳይነኩ ክፍል መጨመር ስለማይቻል ቤተሰብ ሲበዛ አጠገቡ ሌላ ጎጆ ይቀለሳል። ቆርቆሮ ሲመጣ ቤቱ ማዕዘን አወጣ፤ ማዕዘን ያለው ቤት ደግሞ ይቀጠላል። ዛሬ ደባርቅና ዳባት ላይ ልጅ ሲዳር፣ ተከራይ ሲፈለግ ወይም ማድ ቤቱን ከመኝታ መለየት ሲታሰብ የሚደረገው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚቀጥለው ባዶ ቦታ ባገኘበት በኩል ነው። እኔ ግን ግቢው እስከፈቀደ ድረስ ቤቱን በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ጫፉ ማስረዘም ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ከፀሐይ ይጀምራል።

ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። ቀን መሬቱ የጠጣው ሙቀት ማታ የሚያግደው ደመና ስለሌለ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ብርዱ የሚጠናው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ 12 ግድም፣ ቀትር ላይ፣ በደቡብ በኩል 53 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። የላይኛው ጠርዙ ከወለል 2 ሜትር ከፍ ያለ የደቡብ መስኮት ቢኖር ብርሃኗ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ይበልጥ። በሰኔ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ተሻግራ አናት ላይ ልትሆን ስለምትቃረብ ያው መስኮት ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ይውላል። በደቡብ ፊት ለፊት ክፍል የቀጠለ ሰው እንግዲህ የአሮጌውን ክፍል የበጋ ፀሐይ ለዘለቄታው ወሰደበት ማለት ነው። መስኮቱም ወደ አዲሱ ክፍል ስለሚከፈት የቀድሞው ሳሎን ጨለማ ጓዳ ይሆናል፤ ጭስ ካለ መውጫ ያጣል።

ጣራውም ይህንኑ ፍርድ ያጸናል። በረጅሙ ጎን በኩል 3 ሜትር የሚወጣ ክፍል ተጠግቶ ተሠራ እንበል። ዝናቡ በቆርቆሮው መደራረቢያ ሾልኮ እንዳይገባ በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅታ ብንሰጠው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ 60 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የአሮጌው ቤት የጣራ ጠርዝ 2.40 ሜትር ላይ ከሆነ የአዲሱ 1.80 ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ይኖርበታል። በጫፍ በኩል ሲቀጠል ግን ጣራው በነበረበት ከፍታ ይቀጥላል። ግድግዳም ይቆጥባል፦ 4 በ5 ሜትር ቤት ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ በ4 ሜትሩ ጎን 3 በ4 ክፍል ቢጨመር ለብርድ የሚጋለጠው ግድግዳ 24 ሜትር ይሆናል፣ የጨመረው 6 ብቻ ነው። ያው ክፍል ለብቻው ቢቆም 14 ሜትር ይፈልግ ነበር።

ቆርቆሮ ራሱ ሙቀት አይዝም። ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ከአካባቢው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል። የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በአንድ ሌሊት አንድ ብርጭቆ የሚያህል ውኃ ወደ አየር ይለቃል፤ ያ እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ንጋት ላይ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ጣራው ያፈሰሰ እየመሰለው ሚስማር ይደፍናል። መፍትሔው ኮርኒስ ነው፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቢሆንም በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል አየር እስካስቀረ ድረስ ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚከፋው መጋጠሚያው ነው። አሮጌው ቤት የቆመበት መሬት በዓመታት ክብደት ተጠቅጥቆ ዐርፏል። አዲሱ ገና ይሰምጣል፤ በተለይ ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ ጣት እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ዋልካ ላይ። ማገሩን ከማገር ቸንክረው አንድ ካደረጓቸው፣ ከታች ጸጉር የሚያህል ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ክረምቱ ሳያልፍ ይታያል። ምርጊት ቢደጋግሙበት አይድንም። ጥሩ አናጢ ለአዲሱ ክፍል የራሱን ቋሚዎች ያቆማል፤ በሁለቱ መካከል ጥቂት ክፍተት ትቶ በሳንቃ ይሸፍነዋል፤ ሳንቃውን በአንድ ወገን ብቻ ይመታዋል። አሸንዳም የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 20 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ 600 ሊትር ውኃ ነው፣ አሸንዳ ከሌለ የሚወርደው መሠረቱ ሥር ነው።

ለቋሚና ለማገር የሚውለውን ባሕር ዛፍ በተመለከተ፣ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በውፍረቱ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ ይላላል፣ ጭቃውም ከማገሩ ይላቀቃል። ቋሚ የሚበሰብሰው ደግሞ ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ሻጋታ እርጥበትና አየር በአንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ የለሰነ ሰው ግድግዳውን በጣቱ ቢያንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ያገኛል፤ ጭቃው ከእርጥበቱ ጋር ሲያብጥና ሲሟሽሽ ሲሚንቶው አብሮት መሄድ ስለማይችል ተላቋል። በደንብ የተቦካ፣ ጭድ ያልጎደለው ጭቃ ይበልጠዋል።

ለመጪው የካቲት ለመቀጠል ያሰባችሁ፣ እንጨቱን ክረምቱ እንደወጣ አስቆርጣችሁ ጥላ ሥር ከምሩት፤ የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድም ቀድማችሁ ጠይቁ። በታኅሣሥም አንድ ጥርት ያለ ቀን የቤታችሁ ጥላ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የት እንደሚያርፍ በችካል ምልክት አድርጉ፤ ቆፋሪ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።