ማን ማንን ምን አደረገ?

እዚህ አጣዬ አማርኛ አስተምራለሁ። ያነበባችሁትን ልቦለድ በአንድ ገጽ ጨምቃችሁ አምጡ ስል የፍቅር ታሪክ የደረሰው ተማሪ ብዙም አያደክመኝም፤ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን እንደከለከለ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጽፎ ይመጣል። አስፈሪ ልቦለድ የደረሰው ግን ገጹን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። «ከዚያ በጣም የሚዘገንን ነገር ተፈጠረ።» ምንድን ነው የተፈጠረው? አይታወቅም። ቀይ እስክሪብቶዬ ከየዓረፍተ ነገሩ ጎን የሚጽፈው ያው ነው፦ ማን? ማንን? ምን አደረገ?

ሰሞኑን ሳርም የሰነበትኩት በሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ላይ የተጻፉትን ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 የደራሲዋ ስም ሳይጠቀስ የታተመ ነው፤ ስትጀምረው ገና 18 ዓመቷ ነበር። ለተማሪ ተብሎ ያጠረው እትም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ችግሩ ያላነበበውም ያነበበ እየመሰለው መጻፉ ነው። ፍራንከንስታይን የሚባል አስፈሪ ፍጡር አለ ይላሉ፤ ስሙ የሠሪው የቪክቶር እንጂ የፍጡሩ አይደለም፣ ፍጡሩ ስም አልወጣለትም። መብረቅ ወርዶ ነፍስ ዘራበት ይላሉ፤ መብረቁ እ.ኤ.አ. በ1931 ከተሠራው ፊልም የመጣ ነው፣ በመጽሐፉ ቪክቶር ምስጢሩን አልናገርም ብሎ ያልፈዋል። ሰው ይበላል ያለም አለ። ይሄኛው ከአያቱ ተረት፣ ከጭራቁ የመጣ ነው። የሜሪ ሼሊ ፍጡር ግን የዛፍና የቁጥቋጦ ፍሬ እየለቀመ የሚኖር፣ ለሆዱ ብሎ ግልገል እንኳ እንደማይገድል በራሱ አንደበት የሚናገር ነው።

እነዚህን ማረም ቀላል ነው፤ ገጹን ገልጬ አሳያለሁ፣ ይስቃሉ፣ ያርማሉ። የከበደኝ ሌላ ነው። ከሰበሰብኳቸው ወረቀቶች በአብዛኞቹ ላይ ጀስቲን የለችም።

ጀስቲን በቪክቶር ቤት ያደገች ሠራተኛ ናት። የቪክቶር ታናሽ ወንድም፣ ሕፃኑ ዊልያም፣ ታንቆ ይሞታል። ያነቀው ፍጡሩ ነው። ሕፃኑ አንገት ላይ የነበረውን የእናቱን ምስል ወስዶ ተኝታ ባገኛት በጀስቲን ልብስ ውስጥ ይከተዋል። ምስሉ ተገኘባት፣ ተከሰሰች። የንስሐ አባቷ ካላመንሽ ትወገዣለሽ እያለ ሲያስጨንቃት ያልሠራችውን ሠራሁ አለች፤ ተሰቀለች። ቪክቶር በዚያ ሁሉ ጊዜ ገዳዩን ያውቃል። እብድ ይሉኛል ብሎ ዝም ይላል።

ተማሪዎቼ ይህን የሚዘሉት ስለማያስፈራቸው ነው። በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም፤ ዳኛ፣ ቄስና ጎረቤት ብቻ ነው ያለበት። ነገር ግን ጀስቲን ስትወጣ ቪክቶርም ከጥፋቱ አብሮ ይወጣል። የሚቀረው «ጎበዝ ሳይንቲስት ክፉ ፍጡር ሠራ፣ ፍጡሩም ቤተሰቡን ፈጀበት» የሚል ታሪክ ነው። በዚህ ውስጥ ሐሰት የሚባል ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣለሁ፤ መጽሐፉ ግን ይህ አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አስፈሪ ልቦለድን በትክክል ማጠቃለል ማለት የአስፈሪውን ፍጡር ሥራ ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ የሠሩትንና ዝም ያሉበትንም ቦታ መዝግቦ ማለፍ ነው።

የጠቀሷት ጥቂቶችም «ሕፃኑ ተገደለ፣ ሠራተኛዋ ተሰቀለች» ብለው ያልፋሉ። ይህን አጻጻፍ ከየት እንዳመጡት አላጣሁትም። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ይህች ከተማ ስትነድ ልጆች ነበሩ። «ተቃጠለ፣ ተዘረፈ፣ ተፈናቀለ» እየሰሙ አድገዋል። በሕይወቱ ስለደረሰበት ነገር ሲያወራ ስም የማይጠራ ሰው የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ አልፈርድበትም፣ ክፍል ውስጥም አልጠይቀውም። ለቪክቶር የሚፈራለት ግን የለም። ልቦለዱ ላይ አድራጊው በስሙ ይጻፍ እላለሁ፣ ነጥብም እቀንሳለሁ።

አንድ ጎበዝ ተማሪ «መጨረሻው ይነገራል ወይስ ለአንባቢ ይተዋል?» አለኝ። ይነገራል። መጨረሻውን የሚደብቅ ጽሑፍ የመጽሐፍ ማስታወቂያ ነው፤ የሽፋን ጀርባ ላይ ያምራል። እሱ ራሱ ግን መጨረሻው ላይ «ፍጡሩ ራሱን አቃጠለ» ብሎ ጽፏል። መጽሐፉ ውስጥ ቪክቶር በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ በካፒቴን ዋልተን መርከብ ላይ ይሞታል። ፍጡሩ መጥቶ ራሴን አቃጥላለሁ ይላል፣ በመስኮት ወደ በረዶው ይዘላል፣ ማዕበሉ ወደ ጨለማው ይወስደዋል። ያለቀው እዚህ ላይ ነው። አቃጥላለሁ አለ እንጂ ሲያቃጥል ያየ የለም። ይህን ሁሉ የምንሰማውም ዋልተን ለእህቱ ከጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ያጠረው እትም ላይ የዋልተን ቦታ ቢጠብም በማጠቃለያው አንድ መስመር ይገባዋል።

ቀጥሎ ወደ አገራችን እንመለሳለን። ከእኛ ሽቅብ፣ ደብረ ሲና የተወለደውና በ«አደፍርስ» የሚታወቀው ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልቦለድ አለ፣ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»። ፊታውራሪ ወልዱ የሚባሉ በሞት አፋፍ ያሉ ባላባት ከልጆቻቸው ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ዝቋላ አቦ ይወጣሉ። አስፈሪ ልቦለድ ብሎ የመደበው አላጋጠመኝም፤ እኔን ግን ከፍጡሩ ይልቅ ያስፈራኝ ይኸኛው ነው። «ታመው ጠበል ሄዱ» ብሎ በአንድ መስመር መጨረስ ስለሚቻል ለማጠቃለልም ይከብዳል። የእንግሊዝኛ መምህሩን አስፈቅጄ አብረን እናነበዋለን። የፊታውራሪው፣ የጎይቶምና የወይኒቱ ሥራ ለየብቻ ይጻፍ፣ «ተፈጠረ» የሚል ግስም እንዳላይ ብያለሁ።