ድድና አንጀት፦ በአንድ አካል ውስጥ የሚገናኙ ሁለት ብግነቶች



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ በሁለት የሙያ ዘርፎች ወሰን ላይ የሚገኝ ነው። ድዱ የሚደማ ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሄዳል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለወራት የተመላለሰበት ደግሞ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ሰውየው ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ ካርዶቹ ግን አይገናኙም። የዛሬ ዓላማዬ ካርዶቹ ባይገናኙም ብግነቶቹ እንደሚገናኙ፣ ይህም እስከ ምን ድረስ እንደተረጋገጠ ማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስያሜዎቹን እንለይ። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ የባክቴሪያ ንጣፍ ሲከማች ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ይህ ደረጃ በጽዳት ይመለሳል። ብግነቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርስን የያዘውን ጅማትና አጥንት ማፍረስ ሲጀምር ፔሪዮዶንታይቲስ እንለዋለን፤ የጠፋው አጥንትም በራሱ ተመልሶ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት ከባድ የድድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን እንደሚበልጡ ገምቷል።

የአንጀት ብግነት ሕመም በዋናነት ሁለት በሽታዎችን ያቅፋል። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ብዙውን ጊዜ ከፊንጢጣ ተነሥቶ በትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ ሳይቋረጥ ይዘረጋል። በ1932 በኒው ዮርክ በእነ ቡሪል ክሮን የተገለጸው የክሮን በሽታ ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ ሙሉ ውፍረት ይይዛል፤ ጤነኛ ቦታ እየዘለለም ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊያጠቃ ይችላል። ከአፍ መጀመሩን ልብ በሉ። በአንዳንድ ሕሙማን የአፍ ቁስል ከሆድ ምልክቶች ቀድሞ ይታያል።

ሁለቱን ሕመሞች የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ሁለቱም በተለመደው ትርጉም ተላላፊ በሽታዎች አይደሉም። ባክቴሪያዎች አስፈላጊ ተዋናዮች ቢሆኑም፣ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ልጓም ያጣው የራሳችን የመከላከያ ሥርዓት ነው። ኒውትሮፊሎች ይጎርፋሉ፤ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ፣ ኢንተርሉኪን 6ና 17 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይበዛሉ። በድድ ውስጥ እነዚህ መልእክቶች አጥንት የሚበሉ ሕዋሳትን ያነሣሣሉ፤ በአንጀት ውስጥ የሽፋኑን አጥር ያላላሉ። የአንጀት ብግነትን ለመለየት በሰገራ የምንለካው ካልፕሮቴክቲን የተባለው የኒውትሮፊል ፕሮቲን፣ በታመመ ድድ ኪስ ፈሳሽ ውስጥም ከፍ ብሎ ይገኛል።

መመሳሰል ግን መያያዝን አያረጋግጥም። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ የአንጀት ብግነት ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በፔሪዮዶንታይቲስ ይጠቃሉ። እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ ስለ ሲጋራ መጠየቅ አለበት። ሲጋራ ድድንም የክሮን በሽታንም ያባብሳልና፣ ዝምድናው የሲጋራ ጥላ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ከክሮን በተቃራኒ በአጫሾች ላይ አነስ ብሎ ይታያል፤ የድድ ሕመም ግን በእነዚህ ሕሙማንም ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ሲጋራ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ወደ መንገዱ እንምጣ። በየቀኑ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ምራቅ ከነባክቴሪያው እንውጣለን። ጤነኛ አንጀት ይህን ይመክታል፤ የሆድ አሲድና ነባሮቹ ባክቴሪያዎች ለእንግዳው ቦታ አይሰጡም። በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ፣ ከክሮን ሕሙማን ምራቅ የተገኘ ክሌብሲየላ በልዩ ሁኔታ ባደጉ አይጦች አንጀት ሲሰፍር ብርቱ የመከላከያ ምላሽ እንደሚቀሰቅስ አሳየ። በ2020 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴል በተባለው መጽሔት ሁለት መንገዶችን ገለጹ። አንደኛው የተዋጠው ባክቴሪያ ራሱ ነው። ሁለተኛው በድድ ብግነት ጊዜ የተፈጠሩና የአፍ ባክቴሪያን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት ወደ አንጀት መሰደዳቸው ነው። ባክቴሪያውና እርሱን የሚያውቀው ሕዋስ አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ብግነቱ ይባባሳል። ነገር ግን የድድ ሕመሙ ጤነኛ የነበረውን አንጀት ብቻውን አላሳመመም፤ ቀድሞ የተጎዳውን አባባሰ እንጂ። ይህም በአይጥ ላይ የታየ ነው።

ታዲያ ድድን ማከም አንጀትን ያድናል? የድድ ሕክምና በደም ውስጥ ያለውን ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን እንደሚቀንስ ታይቷል። አንጀትን እንደሚያረጋጋ ግን በሰፊ የሕክምና ሙከራ ገና አልተረጋገጠም። ስለዚህ ድዱን የምናክመው ድዱ ስለታመመ ነው፤ ይህም በቂ ምክንያት ነው። የጋራ ፕሮቲን መኖሩም የጋራ መድኃኒት አለ ማለት አይደለም። ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ከ1998 ጀምሮ ለክሮን ሕሙማን ሲጠቅም፣ ኢንተርሉኪን 17ን የሚያግድ መድኃኒት በ2012 በታተመ ሙከራ ምንም አልጠቀማቸውም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም በዛ። ያው ፕሮቲን በአንድ ቦታ አፍራሽ፣ በሌላ ቦታ ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራችን የሚሻገሩ ነገሮች አሉ። የጥርስ ሕመም ለማስታገስ በቀላሉ የምናዝዛቸው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተረጋጋን የአንጀት ብግነት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ይመረጣል። ያለ በቂ ምክንያት የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያም በእነዚህ ሕሙማን ላይ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚያመጣውን ከባድ ተቅማጥ ሊጋብዝ ይችላል። በአገራችን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የአንጀት ቲቢና የክሮን በሽታ ሁለቱም የትንሹን አንጀት መጨረሻ ይወዳሉ፤ ለመለየትም አስቸጋሪ ናቸው። ቲቢ ሳይጣራ ስቴሮይድ ወይም የቲኤንኤፍ ማገጃ መስጠት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

መፋቂያችን በአግባቡ ከተጠቀምንበት ለስላሳውን ንጣፍ ያነሣል። አንዴ የጠጠረው ግን በመፋቂያም በብሩሽም አይነሣም፤ የባለሙያ እጅ ይሻል። እንግዲህ ነገ ሐኪም የምትሆኑ ተማሪዎቼ፣ ከሁለት ጥያቄዎች ጀምሩ። የሆድ ሐኪም ከሆናችሁ፣ “ድድዎ ይደማል? የሚነቃነቅ ጥርስ አለዎት?” በሉ። የጥርስ ሐኪም ከሆናችሁ፣ “ሆድዎስ እንዴት ነው? ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?” በሉ። መልሱን በካርዱ ላይ ጻፉት፤ ለባልደረባችሁም ላኩት።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።